ሰው የሚያቋርጥ ሰው

ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚያቋርጥ ሰው ያናድዳችኋል? እኔማ በጤናዬ መጣብኝ። ዘንዘልማ ግቢ አብሮኝ የሚያስተምር እንዲህ ያለ ባልደረባ አለኝ። በእሱ ንዴት እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ወደሚሠሩ የሥነ ልቦና ሐኪም ሄድሁ። ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ሰውየውን አማሁላቸው። ሐኪሟ በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣

“በሌላው ላይ አብዝተን የምንጠላው ጠባይ፣ አንዳንዴ ከራሳችን የደበቅነው የራሳችን ጠባይ ነው፤ በእኛ ሙያ ‘ጥላ’ ይባላል። እስኪ ቤተሰብዎን ይጠይቁ” አሉኝ።

እኔን? ተቆጥቼ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴንና ልጄን ሐያትን አስቀምጬ፣ “ለመሆኑ እኔ ሰው አቋርጣለሁ?” ብዬ ጠየቅሁ።

“አባዬ፣ አንተ እኮ...” ብላ ሐያት ስትጀምር፣

“በፍጹም!” አልሁ።

ባለቤቴ ከሶፋው ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። ሐያት ግን አልሳቀችም።

“የተመደብሁበትን ትምህርት እንደጠላሁት ልነግርህ ስሞክር ዓመት ሆነኝ” አለችኝ።

ከንፈሬን ነክሼ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማኋት። ለካ ልጄ ቀልደኛ ናት፤ ለካ ትፈራለች፤ ለካ ሕፃናት ማስተማር ነው የምትመኘው። ለሐኪሟ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ልጄን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተዋወቅኋት።