ጋሽ ምርመራና የደረጃው መብራት

ጠርጣሪ የሌለበት ሰፈር የለም። የለም የሚል ሰው ካለ ገና አልደረሰበትም፣ ወይም ራሱ ነው። የእኛ ሕንፃ ጠርጣሪ ክቡር ጋሽ ምርመራ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ስንሆን፣ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ግን እስካሁን እያጣሩ ነው።

ጋሽ ምርመራ ዕድሜያቸውን በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ጨርሰው ከሥራ ጡረታ ወጡ እንጂ ከጥርጣሬ አልወጡም። "እንደምን አደሩ?" ሲሏቸው "ምነው ዛሬ?" ይላሉ። ደጃቸው ላይ ጠጠር ካገኙ ወደ ላይኛው ፎቅ አንጋጠው "ነገሩ ነገር አለው" ይላሉ። ባለቤታቸው ሻዩ ላይ ስኳር ጨመር ካደረጉላቸው "ምን ልትጠይቂኝ ነው?" ነው ምስጋናቸው። ባለቤታቸውም ለምደውታልና "መጀመሪያ ጠጣው" ብለው ያልፋሉ።

ታዲያ የደረጃችን አምፖል አንድ ቀን ተነቅሎ ጠፋ። ደረጃው መስኮት ስለሌለው በቀንም ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሌላ አምፖል እንግዛ ስንል ጋሽ ምርመራ "ሌባ ልትቀልቡ ነው?" ብለው ከለከሉንና መበየጃቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከተበላሸ ማንቂያ ደወል ላይ ሴንሰር ፈቱ፤ የሰው ሙቀት ውልብ ሲል የሚያይ ዓይን ነው። ከዚያ ሦስት እግር ያላት፣ አተር የምታክል ትራንዚስተር አሳዩኝ።

"ይቺ ዘበኛ ናት" አሉኝ። "ዓይኑ ምልክት ሲሰጣት በሩን ትከፍታለች፣ የባትሪው ኃይል ወደ ትንሿ የኤልኢዲ መብራት ያልፋል። ምልክት ከሌለ ለእናቷም አትከፍትም።"

እውነትም አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር መብራቷ ቦግ ትላለች። ቦግ ስትል ደግሞ የጋሽ ምርመራ በር ቀዳዳ በዓይናቸው ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ፤ መብራቱ የተሠራው እኛ እንድናይ ነው ወይስ እንድንታይ?

አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

"አባትህ መብራቷን እንዴት ነው የሚያልፏት?"

"ማለት?"

"ለሁሉም ትበራለች፣ ለእሳቸው ግን አትበራም። ዘዴውን ማን አሳያቸው? ነገሩ ነገር አለው።"

ደሜ ፈላ። አባቴ ዓይኑም እግሩም ደክሟል። በቅርቡ ደረጃው ላይ አደናቅፎት ስለነበር "ከእንግዲህ አንዴ ብትሰናከል ብቻህን አትወርድም" ብዬው ነበር። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይመራው ወርዶ ከእኩዮቹ ጋር መቀመጥ የቀረችለት ነፃነት ናት። "ነገ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ" አልኳቸው።

በማግስቱ ገርበብ ካለው በራቸው ጥግ ተለጥፈን፣ ከውስጥ በሚወጣው ጭላንጭል እያየን ቆምን። አባቴ መደገፊያውን ይዞ አንድ እግሩን አወረደ፣ ሌላውን አጠገቡ አመጣ፣ አረፍ አለ። ያቺ ዓይን እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ሰው አልመሰላትም። ጨለማው እንዳለ ነው። መሐል ላይ እግሩ ደረጃውን ሳተና ተንገዳገደ። ዘልዬ ልይዘው ስል ጋሽ ምርመራ ቀድመውኝ ክንዱን ይዘዋል። መብራቷ የበራችው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ለእኛ።

"ሌባ መሰልኳችሁ እንዴ?" አለ አባቴ።

ጋሽ ምርመራ የአባቴን ክንድ አስረከቡኝና መብራቷን ነቅለው ይዘዋት ገቡ። እኔም አባቴን ብቻህን አትወርድም ለማለት አፌን አሟሸሁ።

ሳልናገር መብራቷ ተመለሰች። ሁለተኛ ትራንዚስተር ጨምረውባታል። "ዓይኑ ለዝግተኛ ሰው የሚያንሾካሹከውን አንደኛዋ ትሰማለች፣ ለሁለተኛዋ ጮክ ብላ ትነግራለች" አሉኝ። አሁን የአባቴ እግር መሬት ሳይነካ ትበራለች። ለድመትም፣ ከተከፈተ በር ለሚወጣ ሙቅ አየርም ትበራለች። "ባትሪ ትጨርሳለች እኮ" ብላቸው "አንተ ምን አገባህ? ትብራ!" አሉኝ። ሰውን የማያምኑት ሰውዬ ሁሉን የምታምን መብራት ሠሩ።

የበሩ ቀዳዳ ግን ዛሬም መጥቆሩን አልተወም። ባለፈው አባቴን ጉንፋን ጥሎት ሳይወርድ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ።

"መብራቷ አልበራችም። አባትህ አልወረዱም። ነገሩ ነገር አለው።"

"ጉንፋን ነው ጋሼ፣ ደህና ነው።"

አላመኑኝም። ገፋ አድርገውኝ ገቡና የአባቴን ግንባር ዳሰሱ፤ ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። እኚህ ሰው አንድ ቀን ሰው ማመን የጀመሩ እንደሆነ ምን እንደሚውጠን እንጃ።