የወይዘሮ ተናኜ ቅናሽ ሳይነካ ኦልድስሞቢሉ ኢንሹራንስ የገባበት ዜና

በሰባተኛው ዓመተ ንጽሕና ዘወይዘሮ ተናኜ፣ ይኸውም እኚህ የጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር እመቤት፣ የነጪቱ ተርሰል መኪና ባለቤት፣ በሆስፒታሉ ላውንደሪ የአንሶላ ሠራዊት አዛዥ፣ መሪ ከጨበጡ ጀምሮ ማንንም ሳይነኩና በማንም ሳይነኩ፣ ከኢንሹራንስ ካምፓኒያቸውም ሰባራ ሳንቲም ሳይጠይቁ በኖሩ በሰባተኛው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት፣ በወርኀ ኅዳር፣ የመጀመሪያው በረዶ በፊንች ጎዳና ላይ ከመውረዱ በፊት የሆነው ነገር እንዲህ ነው።

አስቀድመን ንጽሕናቸው በምን እንደ ጸና እንናገራለን። ወይዘሮ ተናኜ ገበያ ሲሄዱ መኪናቸውን የሚያቆሙት ከገበያ ማዕከሉ ደጃፍ እጅግ ርቀው፣ ሌላ መኪናም የዕቃ ጋሪም በማይደርስበት በሜዳው ዳርቻ ነበር፤ ከዚያም ነፋስ እየገፋቸው እስከ በሩ ድረስ በእግር ይጓዙ ነበር። የትራፊክ መብራት በሌለበት ወደ ግራ አይታጠፉም፤ ወደ ግራ መሄድ ግድ ሲሆንባቸው ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ እንጂ። ስለዚህም ካምፓኒው በየዓመቱ ከክፍያቸው ላይ ይቀንስላቸው ነበር። ይህን ነገር ፈረንጆቹ «ኖ ክሌም ዲስካውንት» ይሉታል፤ ወይዘሮ ተናኜ ግን «ቅናሼ» ይሉት ነበር፣ ስሙን ሲጠሩም ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር።

ባለቤታቸው አቶ ጥጋቡ፣ ረጅሙና ትዕግሥተኛው፣ በአገር ቤት የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩት፣ ከአራት ክረምት በፊት በራሳቸው መኪና ሲሄዱ በረዶ አንሸራቷቸው ከአውቶቡስ መጠለያ ውስጥ ገብተው ነበር። በመጠለያው ውስጥ ሰው አልነበረም፤ መስታወቱ ግን ነበረ። ከዚያ ወዲህ የኢንሹራንስ ክፍያቸው ከመኪናው ዋጋ ስለ በለጠ መኪናውን ሸጡና የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሆኑ። የተርሰልን መሪ እርሳቸው አልጠየቁም፣ ወይዘሮ ተናኜም አልሰጡም። በዚህ ነገር በቤቱ ውስጥ ጠብ ተነሥቶ አያውቅም፤ ወሬውም ተነሥቶ አያውቅም።

ወእምዝ አቶ ጥጋቡ በብራምፕተን ከተማ ከአንድ የበርና የመስኮት ፋብሪካ ሥራ አገኙ። ሥራው የሚጀመረው በሚመጣው ሰኞ፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚያደርስ አውቶቡስም አልነበረም። ቤተሰቡ ባለበት ሕንፃ የሚኖሩ፣ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት የተዉ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ኦልድስሞቢላቸውን በርካሽ ሸጡላቸው። መኪናው ቡናማ ነበር፤ ርዝመቱ ተርሰልን ከነግማሿ ያህላል፣ መቀመጫውም እንደ ሳሎን ሶፋ ሰው ይውጣል። የቀረው ኢንሹራንሱ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ተናኜም ካምፓኒያቸውን ኮል አደረጉ። በስልኩ ማዶ ያለችው ሴት ያወጀችው አዋጅ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በአንድ ቤት የሚኖር ሾፌር የቤቱን መኪና ሁሉ እንደሚነዳ ይቈጠራል። ባለቤትሽ ከገባ የእርሱ አደጋ በሁለቱም መኪኖች ላይ ይታሰባል፤ ዲስካውንትሽም ይወርዳል።» ወይዘሮ ተናኜ «ቴንክ ዩ» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ እጃቸውን ግን ከስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ አላነሡም።

ቅዳሜ ጠዋት በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ምክር ሆነ። ከታችኛው ፎቅ ወይዘሮ ብርቅዬ ተጠሩ፤ እኚህም በኢሚግሬሽን፣ በቤት ኪራይና በፓርኪንግ ቲኬት ጉዳይ ሕንፃው ሁሉ የሚያማክራቸው ጎረቤት ነበሩ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይኼ ምን ያስጨንቅሻል? ሁለቱንም የምነዳው እኔ ነኝ በያቸው። ስንቱ እንደዚህ አድርጎ ይኖር የለም እንዴ።»

መንገዱ ቀላል ነበር፤ ወይዘሮ ተናኜም ቀላልነቱን አዩ፣ ጥቂትም ወደ እርሱ ዘንበል አሉ፤ ይህን መደበቅ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም። ነገር ግን ቀና ብለው፦ «ጥጋቡ አንድ ነገር ቢነካ፣ ማን ነበር የሚነዳው ብለው ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ ምን ልላቸው ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ተጠንቅቄ የኖርኩት መጨረሻ ላይ ልዋሽበት ነው?» አሉ።

አቶ ጥጋቡም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ተይው ተናኜ። መኪናውን ለሰውዬው እመልስለታለሁ። ሥራም ሌላ ይገኛል» አሉ፤ ቆሻሻ ልጣል ብለውም ከረጢቱን ይዘው ወረዱ፤ ቶሎም አልተመለሱም።

ወይዘሮ ተናኜ ወደ በረንዳ ወጥተው ቁልቁል ተመለከቱ። አቶ ጥጋቡ ኦልድስሞቢሉ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሞተሩ አልተነሣም። ሁለት እጆቻቸውን መሪው ላይ አድርገው መስታወት አዩ፣ ትከሻቸውን አዙረው ኋላቸውን አዩ፣ ፍሬቻ አሳዩ፤ የትም ግን አልሄዱም። ወይዘሮ ተናኜ እስኪበርዳቸው ድረስ ቆመው አዩ። ሲመለሱም ቀሚሳቸውን መለወጥ ጀመሩ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «ተነሡ፣ ዳንፎርዝ እንሄዳለን። ያፌት ያውቃል።»

ያፌት ከዳንፎርዝ ጎዳና ግሮሰሪዎች ከአንደኛው በላይ ቢሮ የከፈተ ወጣት የኢንሹራንስ ደላላ ነው። ወደ እርሱ በተርሰል የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው፦ በመሪው ወይዘሮ ተናኜ፤ በቀኛቸው አቶ ጥጋቡ፣ የመኪናውን ወረቀት በጉልበታቸው ላይ ይዘው፤ በኋላ ደጀን ወይዘሮ ብርቅዬ፣ ምክራቸው ባይሰማም መጨረሻውን ሳያዩ መቅረት የማይሆንላቸው፤ በአጠገባቸውም የቤቱ ልጅ ሔርሞን፣ የዋክማን ሙዚቃ ማዳመጫ በጆሮዋ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሲነገራት «ኦኬ፣ ዋትኤቨር» ብላ የዘመተች። እነርሱም አራት መቶ አንድ የተባለውን አውራ ጎዳና በቀኝ ረድፍ ተጉዘው፣ በዶን ቫሊ ፓርክዌይ ቁልቁል ወረዱ፤ ከኋላቸው የነበሩ ሾፌሮችም ሁሉ እስከ መውጫው ድረስ በጡሩምባ አጀቧቸው።

ያፌት ወንበር አቀረበላቸው፤ ነገሩንም ሰምቶ እንዲህ አለ፦ «እትዬ ተናኜ፣ መንገድ አለው። ሁለቱም መኪኖች ይገባሉ። ጋሼ የኦልድስሞቢሉ ሾፌር ይሆናሉ፣ የእሱ ክፍያ በሳቸው ሪከርድ ይታሰባል። የእርስዎን ተርሰል ግን እንደማይነዱ ይፈርማሉ። ከፈረሙ የእርስዎን ዲስካውንት የሚነካው የለም።»

«ቸግሮን እንኳ ቢሆን?» አሉ አቶ ጥጋቡ።

«በምንም ምክንያት፣ ጋሼ። በረዶ ሲጠረግ ፈቀቅ ማድረግ እንኳ አይችሉም።»

አቶ ጥጋቡ ብዕሩን ተቀበሉ፤ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያም መልሰው አስቀመጡት። «እዚህ አገር ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ» አሉ። «ከሚስቴ መኪና መባረሬን ግን አልፈርምም።» አልተቈጡም፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ደረጃውን ወረዱ። በሩን አላትመው ቢወጡ ለሁሉም ይቀል ነበር።

ወበይእቲ ሰዓት ወይዘሮ ተናኜ ቦርሳቸውን ከጭናቸው ላይ አውርደው፣ ማንም ያልጠበቀውን አዋጅ አወጁ፦

«ያፌት፣ እኔንም አስወጣኝ።»

«ከምን፣ እትዬ?»

«ከሱ መኪና። ተናኜ ኦልድስሞቢሉን በምንም ምክንያት አትነዳም ብለህ ጻፍ።»

«ኧረ እትዬ፣ ይኼ እኮ አያስፈልግም። የእርስዎ ሪከርድ ንጹሕ ነው፤ ካምፓኒው ደስ እያለው ያስነዳዎታል። ክፍያው ላይም የሚቀንስልዎት ነገር የለም።»

«ስለ ክፍያው አልጠየቅኩህም። ጻፍ።»

ያፌትም ጻፈ፤ በሙያው ዘመን ይህን የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ በልቡ እያሰበ ጻፈ። ወይዘሮ ተናኜ ቀድመው ፈረሙ፤ ከዚያም «ሔርሞን፣ አባትሽን ጥሪው» አሉ። ሔርሞን ጆሮዋ ላይ የነበረውን አውልቃ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንዳወለቀችው ያየ የለም። ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

አቶ ጥጋቡ ከሔርሞን ኋላ ገቡ፤ ሳይቀመጡ ወረቀቱን አነበቡ፤ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የሚስታቸው ስም ካለበት መስመር ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ።

«አንቺም?» አሉ።

«እኔም።»

«አንቺን ደግሞ ምን አድርገሽ ብለው ነው?»

«ምንም። መኪናው ያንተ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ።

አቶ ጥጋቡ ተቀመጡና ፈረሙ። ፊርማቸውም ከወትሮው ረዘም ያለ ነበር። በዚያችም ዕለት በአንድ ሕንፃ ሥር በቆሙ ሁለት መኪኖች ላይ ሁለት መንግሥታት ጸኑ፤ ቅናሹም አንዲት ጠጕር ሳትጐድልበት ቀረ፤ ሰኞም ማለዳ ኦልድስሞቢሉ ብራምፕተን ደረሰ፣ አቶ ጥጋቡም በሰዓቱ ሥራ ገቡ።

በዚያው ክረምት፣ በወርኀ የካቲት፣ ብርዱ የተርሰልን ባትሪ ገደለው። ወይዘሮ ተናኜ ቁልፉን ደጋግመው ቢያዞሩ መልስ አላገኙም፤ የሥራ ሰዓታቸውም ደርሶ ነበር። አቶ ጥጋቡ በዚያ ሳምንት የማታ ተረኛ ስለ ነበሩ በቤት ነበሩና ጃኬታቸውን ደርበው ወረዱ። «ላድርስሽ?» አሉ። ወይዘሮ ተናኜ ኦልድስሞቢሉን አዩ፤ በረዶውን አዩ፤ ከዚያም ገብተው ቀበቶ አሰሩ።

ጉዞው አጭር ነበር፤ ገድሉ ግን እጅግ ብዙ ነው። አቶ ጥጋቡ መሪውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ሬዲዮ እየነካኩ፣ በፊንች ጎዳና በመካከለኛው ረድፍ ነጐዱ። ቢጫ መብራት ሲያዩ ጨመሩ። የበረዶ መጥረጊያውንም ካሚዮን ተከትለው መሄድ ሲሰለቻቸው፣ በጎኑ ባለው ጠባብ ክፍተት ሾልከው አለፉ፤ የመጥረጊያው ምላጭም ከወይዘሮ ተናኜ መስኮት በክንድ ርቀት ላይ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አቶ ጥጋቡ።

«መንገዱን እያየሁ ነው» አሉ ወይዘሮ ተናኜ።

ሆስፒታሉ ደጃፍ ደረሱ። አቶ ጥጋቡ ወርደው ዞሩና በሩን ከፈቱላቸው፤ ፊታቸውም ወጣት መስሎ ነበር። ወይዘሮ ተናኜ «በደንብ ትነዳለህ» አሉ፤ ይህም የዕለቱ አዋጅ ሁሉ ሆነ።

ስለዚህ እናመሰግናቸዋለን፤ እኚህን ውል አዋቂ፣ ሐሰትን እምቢ ባይ፣ ባል አክባሪ፣ የሁለት መኪናዎችን ሰላም ያጸኑ እመቤት። ሌሎች ጎዳናን ያሸንፉ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጠው አንደበታቸውን ከጄን ጎዳና እስከ ሆስፒታሉ ደጃፍ አሸነፉ። ቀኝ እግራቸው ብቻ፣ ፍሬን በሌለበት ወለል ላይ፣ እስኪደነዝዝ ድረስ ሲረግጥ ነበር። ክብር ለአንደበታቸው ይሁን፤ ለእግራቸውም ምሕረት።