ሥራ አስቋሚው ክቡር የህያ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ሰው ሥራ እንዳይሠራ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ፍጡር አይጠፋም። ሱሉልታ ላይ የከተማውን የውሃ ጉድጓዶች በሚጠግነው ቡድን ውስጥ ይህ ከባድ ኃላፊነት የወደቀው በየህያ ጫንቃ ላይ ነበር። መዓረጋቸው የደኅንነት ተቆጣጣሪ ነው፤ ገና አርባ ባይሞላቸውም ሠራተኛው «ክቡር ሴፍቲ» እያለ በአንቱታ ያስተናግዳቸዋል።

ፎርማኑ ዋቆ በእሳቸው የተነሳ ጨጓራው ተልጧል። ክቡርነታቸው ቀደም ሲል ኦጋዴን ወርደው በጋዝ ጉድጓድ ጥገና ላይ ሠርተዋል፤ ይህን ያልሰማ የሱሉልታ ሰው ካለ እንግዳ መሆን አለበት። «ጋዝ ጉድጓድ ላይ ብትሆኑ ኖሮ...» ብለው ይጀምራሉ፤ ምሳ ይቀዘቅዛል። ሽንቱን ሊሸና የሮጠን ሰው ሄልሜት ረስተሃል ብለው ከመንገድ መልሰዋል። የክሬኑ ሹፌር ስላስነጠሰ ሥራ አስቁመዋል። እጃቸውን ያነሳሉ፣ «ቁም!» ይላሉ፣ ዓለም ቀጥ ትላለች።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን፣ አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ በሚጨስበት ቀን፣ ዋቆ አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ የተቃጠለውን ፓምፕ አውጥቶ፣ አዲሱን አስገብቶ፣ ቡድኑን ይዞ መጥፋት። ፓምፑ የተንጠለጠለበት ቧንቧ ገና ግማሹ እንደወጣ፦

«ቁም!»

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለ ዋቆ።

«የክሬኑ ገመድ መበጣጠስ ጀምሯል። ይቀየር።»

«ክቡር ሴፍቲ፣ ከተማው እየነደደ ነው እኮ!»

«ከተማውን ተቆጣጠር ያለኝ የለም። ገመዱን ግን ብለውኛል።»

ዋቆ በኦሮምኛም በአማርኛም ተሳደበ። ቧንቧውን ባለበት አስረው ገመዱን እየቀየሩ ሳለ ከመንገዱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ወጣቶች እየሮጡ መጡ። ከፊት የነበረችው የዋቆ ጎረቤት ልጅ አያንቱ ናት፤ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ባዶ እግሯን። የአባቷ እርሻ በፕላኑ ይወሰዳል እየተባለ ቤቱ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል።

ዋቆ ክቡርነታቸውን በፍርሃት አያቸው። ሄልሜት የሌለው ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ አያስገቡም።

የህያ ግቢው ዙሪያ የተወጠረውን ቀይ ሪባን ከፍ አደረጉ። «ኮታ! ኮታ!» አሉ በኦሮምኛ፤ «ኑ፣ ቶሎ ግቡ!» ከቧንቧው ክምር ጀርባ አስተኟቸው። ከዚያም ተመልሰው፣ ወጣቶቹን እያሳደዱ መሣሪያ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ፊት እጃቸውን አነሱ።

«ቁም!»

«ዞር በል አንተ!» አለ አለቃቸው።

«ጌታዬ፣ ጉድጓዱ ጋዝ አለው። አንዲት ጥይት ከተተኮሰች እናንተም እኛም አንተርፍም። ስልካችሁንም አጥፉ።»

ከዚያ ጉድጓድ ከውሃና ከዝገት በቀር ወጥቶ የሚያውቅ ነገር የለም። አለቃው ክሬኑን አየ፤ የህያን አየ። እንዲህ ያለ አሰልቺ ፊት ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ስልኩን አጠፋና ሰዎቹን አስከትሎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ወጣቶቹ በጓሮ ከወጡ በኋላ የህያ ቧንቧ ላይ ዘፍ አለ። አንቱታው ይቅር፤ በዚያች ሰዓት ክቡርነት አልነበረም፣ የፈራ ሰው ነበር። ዋቆ ውሃ ቀዳለት። ኩባያውን መያዝ ሲያቅተው ራሱ ይዞ አጠጣው።

የዋቆ ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እስካሁን ለምን አልጨረሳችሁም ይላል።

«ምን እናድርግ ጌታዬ» አለ ዋቆ፣ በሌላው እጁ የየህያን ትከሻ እንደያዘ፣ «ጋዝ ወጥቶብን ነው።»