የጭሮ ታላቅ ካናዳዊ

እኛ ጭሮዎች ከጎረቤታችን ከበደሳ ይልቅ ካናዳን እናውቃለን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እመኑኝ። የበደሳ መንገድ በክረምት ይበላሻል፤ የካናዳ ወሬ ግን ክረምት አያግደውም።

ባለፈው ቅዳሜ በርጫ ላይ ተቀምጠናል። ሐጂ ሙሳ ዱዓ አድርገው ጫቱ ከተዘረጋ በኋላ፣ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የሚያስተምረው መምህር ተሾመ ስልኩን እየነካካ አንድ ወሬ አመጣ። ካናዳዎች የምንጊዜም ታላቁን ካናዳዊ ይመርጣሉ አሉ። አቦ፣ እኛስ ማን ከለከለን! እንምረጥ ተባለ። መምህሩ ስለ አንድ መድኃኒት ያገኘ ካናዳዊ ሐኪም ሊያወራ ሲጀምር ሐጂ አቋረጡት። የማን ልጅ ነው? አሉት። እዚያው ነው የተወለደው ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚያ ተወልዶ ካናዳዊ መሆን ምን ጉብዝና አለው? ጉብዝናው ከእኛው ገለምሶ ተነስቶ ነው እንጂ!

ስለዚህ ምርጫው ካናዳ በገቡት በእኛው ልጆች መካከል ሆነ። አንዱ ፎቅ ጀምሯል ተብሎ ተጠቆመ። ብረቱን አቁሞ ከሄደ ወዲህ ቁራ ነው የሚያርፍበት፤ ቢሆንም ፎቅ ፎቅ ነው። ሌላው ለሠርጉ መጥቶ የከተማውን ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባ አስነፍቷል። ሙሽራዋ ዛሬም ቪዛ ትጠብቃለች።

በመጨረሻ ሐጂ የታላቅ ወንድሜን የከድርን ስም ጠሩ። ደሜ ፈላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ሁለቱም ዓይኗ ሞራ ወጥቶበታል። ሱቃችን ውስጥ ስኳሩን ከጨው የምትለየው ቀምሳ ነው። ሐኪሙ ቀላል ነው፣ ይገፈፋል ብሏል። እሷ ግን እምቢ! ከድር ለአረፋ እመጣለሁ ብሎኛል፣ ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው ትላለች። እሱም በስልክ፣ እንዳታስነኩት፣ እኔው መጥቼ ትልቅ ቦታ አሳክማታለሁ ይላል። ስንት አረፋ አለፈ መሰላችሁ? በጉ ይመጣል፤ ከድር አይመጣም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰውዬ ካናዳ ዘመድ አልነበረውም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በርጫው ላይ ዘረገፍኩት። እናቱን እያሳወረ ያለ ሰው ነው ታላቅ? አልኩ። ሐጂ ጫታቸውን ወደ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው፣ ልጄ፣ ዓይን ተከፍሎ የሚጠበቅ ሰው ታላቅ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? አሉኝ። ወላሂ፣ ሁሉም እጁን አወጣ! መምህሩ ሳይቀር። የእሱም እናት ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች፤ ምን ያድርግ?

እየተቃጠልኩ ቤት ገባሁ። ታፍር ይሆናል ብዬ ለእማዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የት አባቷ ታፍራለች! እልል አለች። ጎረቤቱ ምን ተገኘ ብሎ ሲገባ፣ ልጄን መረጡት እያለች ለሁሉም አወራች። እኔም ከጎረቤቱ ጋር እንኳን ደስ አለሽ አልኩ፤ ምን ምርጫ አለኝ?

ሰዉ ሲወጣ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ለመንኳት። እማዬ፣ የዓይን ሐኪሞች ጭሮ መጥተዋል፣ ሳይሄዱ ነገ በጠዋት ልውሰድሽ አልኳት። ፋሻው ሲፈታ ፊትሽ እቆማለሁ፣ መጀመሪያ እኔን ታያለሽ አልኳት። እንባዬም መጥቶ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እጇን ዘርግታ ጉንጬን ዳበሰችኝ። ድምጿ እንዴት እንደሚለሰልስ ብትሰሙ!

«አንተን ደግሞ ምን አይሃለሁ ልጄ፤ አንተማ እዚሁ ነህ» አለችኝ።