በሶፋ የሚቆመው ድንኳን

አንድ ቤተሰብ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ለመሰንበት ሲያስብ፣ ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ላልተማረ ሰው ብቻ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ የጭነት መኪና ሸራ በመስፋት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ምስጋና ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ይግባውና፣ ተሳስቻለሁ።

ወንድም ጋሼ እንለዋለን። የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ የምን መምሪያ እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም። "ሁላችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሰባስብ መጠለያ ሳይመረጥ ሽርሽር የሚባል ነገር አይታሰብም" ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢ እሱ፣ ጸሐፊ ታናሽ እህቱ፣ የበላይ ጠባቂ አማቴ።

"እኔ ሸራ አለኝ" አልኩ። "ሃያ ሰው ያስጠልላል።"

"ሸራ የጭነት ነው" አለ ወንድም ጋሼ። "እኛ ጭነት ነን?"

"ጭነትም እኮ የሚሸፈነው እንዳይበሰብስ ነው።"

"ይመዝገብ?" አለች ጸሐፊዋ።

"ለቃለ ጉባኤ የሚበቃ አይደለም።"

አልተመዘገበም። እኔ ግን መዝግቤዋለሁ። በጸሐፊዋ ሠርግ ዕለት ከጄኔሬተሩ ጎን ያስቀመጡኝንም መዝግቤዋለሁ።

ከስድስት ስብሰባ በኋላ ባለ ሦስት ክፍል፣ ባለ ሰባት ዚፕ፣ ጣሪያው ላይ ኮከብ ማያ መስኮት ያለው ድንኳን ተመረጠ። አሥራ አራት ሰው ይይዛል። እኛ አሥራ አምስት ነን።

"አሥራ አምስተኛው ማነው?" አለች ባለቤቴ።

ሁሉም ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ።

"አንተ የቤተሰቡ ተጠባባቂ ነህ" አለኝ ወንድም ጋሼ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። "ሰው ከጎደለ ትገባለህ።"

የምመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት አማች ሆኜ፣ አንዴ እንኳ ከእነሱ እኩል ከአንድ ጣሪያ ሥር መቆጠር ነበር። ይሁን አልኩ።

ከጉዞው በፊት ሙከራ ተደረገ። ድንኳኑ ሳሎን ውስጥ ተተከለ። የሳሎኑ ወለል ሴራሚክ ስለሆነ ካስማ አይቀበልም፤ ገመዶቹ በሁለቱ ሶፋዎች እግርና በቁም ሳጥኑ ላይ ታሰሩ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ተጨበጨበ። ንፋስን በተመለከተ ቬንትሌተር ተከፍቶበት ሳይነቃነቅ አለፈ። ዝናብን በተመለከተ ግን ምንጣፉ እንዳይበሰብስ ሲባል ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ፤ ድንኳኑ ውሃ እንደማያስገባ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ተጠባባቂ ድምፅ የለውም።

"ካስማዎቹስ?" አልኩ።

"አልተሞከሩም" አለ ወንድም ጋሼ። "ባልተሞከረ ዕቃ የቤተሰብ ሕይወት አደጋ ላይ አንጥልም።"

"ታዲያ ሜዳ ላይ በምን ልታስሩት ነው?"

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ገለጠች። "'ድንኳኑ በሶፋ ይቆማል' ይላል።"

እናም ሶፋዎቹና ቁም ሳጥኑ ጭነት መኪና ላይ ተጫኑ። መንገድ ላይ አቧራ እንዳይነካቸው መሸፈኛ ሲፈለግ፣ ኮሚቴው ያለ አንዳች ክርክር የእኔን ሸራ አስታወሰ።

ኮሚቴው የመረጠው ሐይቅ ዳር ስንደርስ ሶፋዎቹ በሳሎኑ አቀማመጥ መሠረት፣ ወንድም ጋሼ በሜትር እየለካ፣ ሳሩ ላይ ተደረደሩ። የሚያልፉ ሰዎች የሚሸጥ መስሏቸው ዋጋ ጠየቁ። አሥራ አራቱ ገቡ። ዚፖቹ ተዘጉ። እኔ ከሾፌሩ ጋር መኪናው ጎማ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ መጣ። ከቬንትሌተሩ ጋር የሚተዋወቅ አልነበረም። ቁም ሳጥኑ በግንባሩ ተደፋ፤ ሶፋዎቹ እየተንፏቀቁ ወደ ሐይቁ አመሩ፤ ድንኳኑ ሙሽሽ ብሎ በአሥራ አራቱ ላይ ተኛባቸው። ዝናቡም ተከተለና በኮከብ ማያው መንቆርቆር ጀመረ። ሰባቱም ዚፖች ነክሰው አልከፈት አሉ። ወንድም ጋሼ አንገቱን በኮከብ ማያው አውጥቶ "አትረበሹ፤ ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው" አለ። አፉ ውስጥ ውሃ ስለገባ የቀረው መግለጫ አልተሰማም።

ከሾፌሩ ጋር ሆነን ሸራዬን ከመኪናው ጎንና ከሁለት ዛፎች ጋር ወጠርነው። ስብሰባ አልተጠራም። ከዚያ እያንዳንዳቸውን በኮከብ ማያው እየመዘዝኩ አስገባኋቸው። ከዚያ ወዲህ ጠብታ የነካው ሰው የለም፤ ቦታም ተረፈ።

አማቴ ነጠላቸውን እየጨመቁ ቀና ብለው ስፌቱን አዩ። "ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ። የማነው?"

"የባሌ ነው፣ እማዬ" አለች ባለቤቴ።

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገረንም?"

ወንድም ጋሼ ጎሮሮውን ጠረገ። "ይህ አማራጭ መጠለያ በኮሚቴው አርቆ አሳቢነት..."

"አንተ ዝም በል" አሉት አማቴ። "እሱ ይናገር።"

አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ደረሰ። የጎማ መለወጫ ሣጥኑ ላይ ቆምኩ። "በቅድሚያ" አልኩ፣ "ይህን ዕድል ለሰጠኝ ቤተሰብ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ።" ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ። አንደኛ፣ ጄኔሬተሩን ከነጭሱ አቀረብኩ። ሁለተኛ፣ ፎቶ ሲነሱ ሁልጊዜ ካሜራውን ለእኔ የሚሰጡበትን ምክንያት ጠየቅሁ። ሦስተኛው ንዑስ ክፍሎች ነበሩት። ዘጠነኛው ላይ ደርሼ ዓይኔን ስገልጥ ዝናቡ አባርቷል፤ ሁሉም ፀሐይ ላይ ወጥተው፣ ሐይቁ አፍ ላይ በቆሙት ሶፋዎች ተደርድረው ይሳሳቃሉ። ባለቤቴም ጭምር። ፎቶ የሚያነሳቸው ሾፌሩ ነው።

ሸራው ሥር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋገጥኩና፣ ከዛሬ ጀምሮ ተጠባባቂ እንዳልባል የውሳኔ ሐሳብ አቀረብኩ። እጄን አወጣሁ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።