ከቬስፓ ወርዶ እጅ መንሳት

ሽማግሌ እያየ ከበቅሎው የማይወርድ ሰው ባለጌ ይባላል። ቬስፓ ላይ የተቀመጠስ? የፍርድ ቤት ጸሐፊው ጎረቤቴ መኩሪያ ነገሩን በብዙ አስቦበት "እወርዳለሁ" ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ሽማግሌ ባየ ቁጥር ቆሞ፣ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ጠይቆ፣ ሞተሩን እንደገና ረግጦ ያስነሳል።

ባለፈው ቅዳሜ ከኋላው አፈናጦኝ ከአሰላ ወደ ዴራ ገበያ ጉዞ ጀመርን። ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ በበቅሎ ከፊታችን ነበሩ። ደረስንባቸው፤ ወርዶ እጅ ነሳ፤ አለፍናቸው። ለሌሎች ሽማግሌዎች ስንቆም እሳቸው ቀደሙን። ደግመን ስንደርስባቸው ደግሞ ወረደ። እንዲህ ሦስት ጊዜ ሆነ። በአራተኛው ትዕግሥቴ አለቀና፣ "ስማ፣ ሳንደርስ ገበያው ሊበተን ነው" አልኩት። ይህ ክፉ ምክር ነው እንዴ?

እሱም ሰማኝና ሳይወርድ ባርኔጣውን ብቻ አነሳ። ጠጠር ላይ ግን ቬስፓ በአንድ እጅ አይነዳም። ደግነቱ የወደቅንበት ቦይ ሣር ነበረበት።

ኦቦ ገመዳ ከበቅሏቸው ወርደው መኩሪያን አነሱት። አቧራውን እያራገፉለት፣ "ልጄ" አሉት፣ "ለእኔ ብለህ ይህን ያህል መውረድ አልነበረብህም።"