አንዱን መጋዝ ከሦስቱ ለመምረጥ የተጠራው አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሰኔ 14
ቦታ፦ የእንጨት ሥራ ማኅበሩ ወርክሾፕ። ወንበሮቹ ሁሉ ቫርኒሻቸው ስላልደረቀ ስብሰባው በቁም ተካሂዷል።
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 ተብሎ 8፡50

የተገኙ አባላት
1. ሊቀመንበሩ፣ የማኅበሩ መሥራችና የሁሉም ታላቅ
2. በር ሠሪው፣ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ። በጠረጴዛ መጋዙ የሚቆርጥልን እሱ ነው። ካለፈው ወር አደጋ ወዲህ ቀኝ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው።
3. ሶፋ ሠሪዋ
4. ቫርኒሽ ቀቢው፣ የዕቃ ማስታወቂያ ሁሉ ሰብስቦ ስለሚያነብ "ካታሎግ" የሚባለው
5. ጌጥ ፈልፋዩ፣ በቅጽል ስሙ "አይሆንም"
6. አልጋ ሠሪው፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ ቁም ሳጥን ሠሪው። ጠንቶብኛል ብሎ በባለቤቱ በኩል አስታውቋል። ሆኖም ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ መዶሻው ከግድግዳው ማዶ ሲሰማ ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት ስድስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል። አይሆንም "አልተሟላም" ሲል ተቃውሟል። ምክንያቱን ሲጠየቅ እንደሚያስብበት ገልጿል።

አጀንዳ አንድ፦ መጋዞቹን ማወዳደር

ሊቀመንበሩ ባደረጉት ንግግር፣ አሮጌው መጋዝ የበር ሠሪውን የአመልካች ጣት ጫፍ የቆረጠው የማይታወቅ ብራንድ በመሆኑ እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ ነጋዴዎች ለሙከራ ካስቀመጧቸው ሦስት መጋዞች፣ ማለትም ከአረንጓዴው ቮልካርድ፣ ከሰማያዊው ደርማንና ከቀዩ ትሪፖን፣ ስም ያለው አንዱ እንዲመረጥ አሳስበዋል።

ካታሎግ መድረኩን ወስዶ ለሃምሳ ደቂቃ ማብራሪያ ሰጥቷል። ቮልካርድ ለጠንካራ እንጨት፣ ደርማን ለኮምፔንሳቶ፣ ትሪፖን ደግሞ "ለሚያውቅ ሰው" የተሠሩ መሆናቸውን ገልጿል። ሦስቱም ሲታዩ መንታ የሚመስሉት ላላስተዋለ ዓይን ብቻ ነው ብሏል። እንዲያስተውሉ የተጋበዙት አባላት ተራ በተራ ጎንበስ ብለው አስተውለዋል። ጸሐፊው ከቀለማቸው በቀር ልዩነት እንዳልታየው ሲናገር፣ ካታሎግ አልጋ ሠሪ ስለ ሞተር ምን አግብቶት ነው የሚል ይዘት ያለው አስተያየት ሰንዝሯል። ጸሐፊው ለዚህ የሰጠው መልስ ለመዝገብ የሚሆን ሆኖ አልተገኘም።

አይሆንም በበኩሉ አረንጓዴው ዓይን እንደሚያደክም፣ ሰማያዊው ሰጋቱራ ሲያርፍበት እንደሚያስጠላ፣ ቀዩ ደግሞ ሰው እንደሚያስቆጣ ገልጾ ሦስቱንም ተቃውሟል። ታዲያ ምን ይገዛ ሲባል መግዛቱንም እንደሚቃወም አስታውቋል።

ጉዳዩ እጅ በማውጣት ለድምፅ ቀረበ። አረንጓዴው ሲጠራ የበር ሠሪው እጅ ወጥቶ ተገኘ። ሰማያዊው ሲጠራም ወጥቶ ነበር። ቀዩ ላይም አልወረደም። ካታሎግ "አንድ ሰው ሦስት ጊዜ! ይሄ ማጭበርበር ነው!" ሲል ጮኋል። በር ሠሪው ምርጫውን ጭራሽ እንዳልሰማ፣ እጁን ያነሣው ቁስሉ እንዳይጠዘጥዘው ሐኪሙ ወደ ላይ ያዝ ስላለው መሆኑን አስረድቷል። ከረጅም ውይይት በኋላ በሐኪም ትእዛዝ የተነሣ እጅ ድምፅ እንዳይሆን ተወስኗል።

በመጨረሻም የሚከተሉት ውሳኔዎች በሦስት ድምፅ ድጋፍ ተላልፈዋል፦
ሀ. ቀዩ ትሪፖን እንዲገዛ፤
ለ. አሮጌው መጋዝ ጥፋተኛ ስለሆነ ለቁራሌ እንዲሰጥ፤
ሐ. ሊቀመንበሩ ለአባላት ደኅንነት ላሳዩት ተቆርቋሪነት የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው።

አጀንዳ ሁለት፦ ርክክብ

ሶፋ ሠሪዋ ድምፅ ሲሰጥ አልነበረችም። የት እንዳለች ሲፈለግ ከመጋዞቹ ሥር በጀርባዋ ተኝታ፣ ካቻቪቴ ይዛ ተገኘች። የሦስቱንም የታች ክዳን ፈትታ ነበር። ከውስጥ የተለጠፈው ቆርቆሮ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት አንድ መሆኑን፣ ቁጥራቸውም ተከታታይ መሆኑን ጮክ ብላ አነበበች።

"አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው" አለች። "ልብስ ብቻ ነው የተቀያየሩት።"

ካታሎግ አጋጣሚ ነው ብሏል። ሶፋ ሠሪዋ የሦስቱን መመሪያ መጽሐፍ ጎን ለጎን ስትዘረጋ ቃል በቃል አንድ ሆነው ተገኙ። እንዲያውም የቀዩ መጽሐፍ "ይህን አረንጓዴ መጋዝ ስለገዙ እናመሰግናለን" ይላል። ካታሎግ ይህን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ የተቆለለ ጣውላ ላይ ተቀምጧል። ውኃ ተሰጥቶታል።

በር ሠሪው ሊያጽናናው ጠጋ ብሎ መጽሐፉን በግራ እጁ ተቀበለ። ገለጥ አድርጎም የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፦ "የዲስኩ መከላከያ ሽፋን ሳይገጠም ማሽኑን በፍጹም አታስነሡ።"

አባላቱ ሁሉ ሽፋን ወደሌለው ወደ አሮጌው መጋዝ ዲስክ ዞሩ።

"የአሮጌውስ ሽፋን የት ሄደ?" ስትል ሶፋ ሠሪዋ ጠየቀች።

ሊቀመንበሩ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው አሉ። አይሆንም በአጀንዳነት እንዲያዝ ደግፏል። ይህ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የሰጠው የመጀመሪያ ድጋፍ ስለሆነ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አስደግሞ ነው የጻፈው።

ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ የፈታሁት" አሉ። "የትምህርት ቤቱ ዴስክ ትእዛዝ ያጣደፈን ጊዜ። ሥራ ያጓትታል ብዬ። ነገ እመልሰዋለሁ፣ ነገ እመልሰዋለሁ ስል..."

"አውቃለሁ ጋሼ" አለ በር ሠሪው።

"ታውቃለህ?"

"ሽፋኑ መሳቢያዎ ውስጥ ነው። ብሎኖቹን በጨርቅ ጠቅልለው ሲያስቀምጡት አይቻለሁ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ምነው ዝም አልክ?"

"ሆስፒታል በመጡ ቁጥር ስለ ብራንድ ነበር የሚያወሩኝ። ሲደክምዎት ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኩ።"

ሊቀመንበሩ ይህ ክፍል ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጸሐፊውን በዓይናቸው ጠይቀዋል። ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። በር ሠሪው ግን "ይጻፍ" አለ። "የእኔን ጣት ማን እንደወሰደው አንድ ቦታ በትክክል ተጽፎ ይቀመጥልኝ።" ሊቀመንበሩም "ጻፈው፣ ልክ ነው" ብለዋል። ስለዚህ ተጽፏል። ድምፅ ይሰጥበት ሳይባል የሁሉም እጅ ወጥቶ ነበር፤ ካታሎግም ከተቀመጠበት አውጥቷል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በአጀንዳ አንድ ከሀ እስከ ሐ የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ሦስቱም መጋዞች ለየነጋዴዎቻቸው ይመለሳሉ። አሮጌው ጥፋት ስላልተገኘበት በሥራው ይቀጥላል። ሽፋኑ ዛሬውኑ ይገጠማል። በር ሠሪው እጁ እስኪድን፣ ከዳነም በኋላ ልቡ እስኪመለስ፣ ጣውላ የሚቆርጡት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው። ተቃውሞ ካለ ተብሎ ሲጠየቅ አይሆንም ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡35 ላይ፣ ሊቀመንበሩ ሽፋኑን ይዘው ከአሮጌው መጋዝ አጠገብ ተንበርክከው "እስቲ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብሉኝ" ባሉ ጊዜ ተዘግቷል። ያቀበላቸው በር ሠሪው ነው።